የእድራችንን የመዋጮ ሰንጠረዥ እንዴት እንዳፈጠንኩት

የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። አባላቱ 412 ናቸው። የ14 ዓመት ወርሃዊ መዋጮ ከደብተር ወደ ስልክ ሲገባ ከ60 ሺህ በላይ ረድፍ ወጣው። መተግበሪያውን የጻፍኩት ከሥራ መልስ፣ ማታ ማታ ነው፤ ዳታቤዙ (መረጃው የሚቀመጥበት) ኤስኪውላይት የሚባለው፣ ስልኩ ላይ በአንድ ፋይል የሚቀመጠው ነው። አንድ ቀን ለቅሶ ላይ፣ ድንኳን ውስጥ፣ የእድሩ ዳኛ «የሟች ቤተሰብ መዋጮ ተሟልቷል ወይ?» ሲሉኝ በገንዘብ ያዣችን ስልክ ላይ ስሙን ጻፍኩ። ስልኩ 9 ሰከንድ ያህል ደርቆ ቀረ። ሐዘንተኞቹ ያዩኝ ነበር። ማንም ሰው እንደዚያ እንዲቆም አልፈልግም፤ ስለዚህ ያደረግኩትን ልንገራችሁ።

በግምት ከመነካካት በፊት ዳታቤዙን ራሱን ጠይቁት። ከጥያቄያችሁ ፊት «ኤክስፕሌይን ኩዌሪ ፕላን» የሚለውን ትእዛዝ ስታስቀድሙ መልሱን ሳይሆን የሚሄድበትን መንገድ ያሳያችኋል። «ስካን» ካለ ሰንጠረዡን ከዳር እስከ ዳር ያነብባል፤ «ሰርች» ካለ በማውጫ (በቅደም ተከተል ተደርድሮ ረድፉ የት እንዳለ በሚጠቁም ዝርዝር) ተመርቶ በቀጥታ ወደሚፈለገው ረድፍ ይሄዳል። በስም ዓምድ ላይ ማውጫ ሠርቼ እያለ የእኔው «ስካን» ይል ነበር።

ምክንያቱ ሞክሼ ፊደሎቻችን ነበሩ። ደብተሩን በየጊዜው የያዙት ጸሐፊዎች አንዱን ስም በተለያየ ፊደል ጽፈውታል። «ፀሐይ» ብቻውን በ12 መንገድ ሊጻፍ ይችላል፦ ሁለት ዓይነት ጸ፣ ስድስት ዓይነት ሀ (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ)። ሁሉም እንዲገኙልኝ ብዬ ፊደላቱን አንድ የሚያደርግ ተግባር (ትንሽ የኮድ ቁራጭ) በጥያቄው ውስጥ በስም ዓምዱ ላይ ጫንኩ። ማውጫው ግን የተደረደረው በተጻፈው ስም ነው፤ ከተግባሩ የሚወጣውን ስም አያውቀውም። ስለዚህ ዳታቤዙ ማውጫውን ትቶ 60 ሺውን ስም አንድ በአንድ እየለወጠ ያነጻጽር ነበር። ያውም ፈላጊው አንድ ፊደል በጻፈ ቁጥር እንደገና።

መፍትሔው ለውጡን ስሙ ሲገባ አንድ ጊዜ ብቻ መሥራት ነው። ለአባላት የራሳቸውን ሰንጠረዥ ሠራሁ፤ በመዋጮው ረድፍ ላይ የቀረው የአባል ቁጥር ብቻ ነው። ከስሙ ጎን «የመፈለጊያ ስም» የሚል ዓምድ ጨመርኩ፦ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ ከነእርባታቸው። ሃ እና ኣም ወደ ሀ እና አ ይገባሉ። ፈላጊው የሚጽፈውም ቃል በዚያው ተግባር ያልፋል። ዋናውን ስም ግን አትንኩት፤ ሰው ስሙን ራሱ እንደሚጽፈው ማየት አለበት። የአንድን ሰው ልዩ ልዩ አጻጻፍ በአንድ ቁጥር ሥር ማሰባሰቡ ሦስት ማታ ፈጅቶብኛል። ማሽን ሁለት የተለያዩ ሰዎችን እንዳይቀላቅል ብዬ በእጄ ነው የሠራሁት።

የእናንተ ስሞች በሺዎች ከሆኑ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በከፊል የተጻፈ ስም የሚፈልገው «ላይክ» የሚባል ትእዛዝ የላቲንን ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለማይለይ ተራውን ማውጫ አይጠቀምም። እኔ በእሱ ፈንታ «ግሎብ» የሚባለውን እጠቀማለሁ፤ «የቀረው ምንም ይሁን» የሚለውን የኮከብ ምልክት (*) መጨረሻ ላይ ብቻ አድርጌ። ኮከቡ መጀመሪያ ላይ ከሆነ ማውጫው አይረዳም።

ሁለተኛው ጥፋት የውዝፍ ገጹ ነበር። ለእያንዳንዱ አባል ለየብቻ እየጠየቅኩ እደምር ነበር፤ 412 ጊዜ 60 ሺህ ረድፍ ማለት ወደ 25 ሚሊዮን የሚጠጋ ንባብ ነው። አሁን በአባል ቁጥር የሚመድብ አንድ ጥያቄ፣ በአባል ቁጥርና በቀን ላይ ደግሞ አንድ ጥምር ማውጫ አለ። ቀኑን እንደ 20160907 ባለ ቁጥር አስቀምጡት፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን። ጳጉሜን 13 ሆና ቦታዋን ትይዛለች፣ ቅደም ተከተሉም ራሱ ይስተካከላል።

ዝርዝሩን ስታሳዩ 50 ረድፍ ብቻ አምጡ። «ይህን ያህል ረድፍ ዝለል» የሚለው «ኦፍሴት» የሚዘለውን ረድፍ ሁሉ እያለፈ ስለሚቆጥር ወደ ታች በወረዳችሁ መጠን ይዘገያል፤ ከዚያ ይልቅ መጨረሻ ያያችሁትን ቀንና የረድፍ ቁጥር ይዛችሁ «ከዚህ ቀጥሎ» በሉት። ብዙ ረድፍ ስታስገቡም ሁሉንም በአንድ ትራንዛክሽን (እንደ አንድ ሥራ በአንዴ በሚጻፍ ጥቅል) ጠቅልሉ፤ አለበለዚያ ለእያንዳንዱ ረድፍ ማከማቻው ጽፎ እስኪያረጋግጥ ይጠበቃል።

ማውጫ ፋይሉን ያሳድጋል፣ ምዝገባውንም ያዘገያል፤ «ኤክስፕሌይን» ካልጠቆማችሁ አትጨምሩ። ሙከራውን ደግሞ በደካማው ስልክ አድርጉት። እኔ የምሞክረው 2 ጊጋባይት ሜሞሪ ባለው በገንዘብ ያዣችን ስልክ ነው፤ ድንኳን ውስጥ የሚከፈተው እሱ ነውና።