ስኳር ላለባችሁ የቃሊቲ ሾፌሮች፦ አሜሪካ ስትገቡ ስለ ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ)

ቃሊቲና ገላን፣ የጅቡቲ ተሳቢዎች በሚያድሩበት አካባቢ፣ አንድ ወሬ ይዘዋወራል፦ «ኢንሱሊን ከጀመርክ አሜሪካ ከባድ መኪና መንዳት የሚባል ነገር እርሳው።» ዲቪ ደርሷችሁ፣ ይህን ወሬ አምናችሁ መርፌ ለማቆም ያሰባችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ አታቁሙ። ወሬው ጊዜው አልፎበታል። ድሮ ከክልል ክልል ጭነት ለማመላለስ ኢንሱሊን የሚወስድ ሾፌር ከፌዴራል መንግሥት ልዩ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። በፈረንጆች ኖቬምበር 2018 ግን ይህ ቀርቷል። በክኒን ብቻ ለምትቆጣጠሩትማ ውሳኔው የሾፌሮችን የጤና ምርመራ የሚያደርገው ሐኪም ነው።

አሁን የሚጠየቀው ማስረጃ ነው። ኢንሱሊን የሚያዝላችሁ ሐኪም ኤምሲኤስኤ-5870 የሚባል ቅጽ ይሞላል። እሱ ከፈረመ በኋላ በ45 ቀን ውስጥ የዲኦቲ (የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) የሾፌሮች የጤና ምርመራ መጀመር አለባችሁ። ቅጹን እዚህ የሚከታተላችሁ ሐኪም ሊሞላው አይችልም፤ ስለዚህ እንደገባችሁ ከሥራ ፍለጋው እኩል ሐኪም ያዙ። የሦስት ወር የስኳር ልኬት ካላሳያችሁ የሚሰጣችሁ የጤና ሰርተፍኬት ቢበዛ ለሦስት ወር ነው። ካሳያችሁ እስከ አንድ ዓመት ይሄዳል።

ልኬቱ በደብተር የተጻፈ ከሆነ አይበቃም። መለኪያው ራሱ ከነቀኑና ከነሰዓቱ የሚይዝ፣ ወደ ኮምፒውተርም የሚገለበጥ መሆን አለበት። መሣሪያውን በእኛ ሰዓት የሞላችሁት ካላችሁ ዛሬውኑ አስተካክሉት። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቁርስ ሳትበሉ ስትለኩ 2:00 ብሎ ከመዘገበ፣ የአሜሪካ ሐኪም ሲያየው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የለካችሁ ይመስለዋል። 8:00 ማለት አለበት፤ ቀኑም በፈረንጆች ይሁን። እዚያ ስትደርሱ ደግሞ በምትኖሩበት ከተማ ሰዓት ቀይሩት። ቁጥሩ ራሱ አያሳስባችሁ፣ እዚያም የሚለካው እንደኛው በሚሊግራም በዴሲሊትር ነው።

በር የሚዘጋው ዓይን ነው። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ሬቲናው (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ክፍል) በስኳር ክፉኛ ከተጎዳ ሰርተፍኬቱን ለዘለቄታው ያጣል። ጉዳቱ ሲጀምር ዕይታን ስለማይቀንስ «ደህና አያለሁ» ብላችሁ አትለፉት። ከመሄዳችሁ በፊት ጠብታ ተደርጎላችሁ ውስጡ ይታይ። የሕክምና ማጠቃለያችሁንም በእንግሊዝኛ አስጽፉ፤ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ክትትል ያላችሁ እዚያው ጠይቁ።

መደበቅ አያዋጣም። የዲኦቲ ቅጽ ስኳር እንዳለባችሁ፣ ኢንሱሊን እንደምትወስዱም በቀጥታ ይጠይቃል፤ ሽንትም ይመረመራል። ዋሽቶ የተገኘ ሰው ሰርተፍኬቱ ሊሰረዝበት ይችላል።

ሥራ ከጀመራችሁ በኋላ ጋቢና ውስጥ ጁስ ወይም ከረሜላ አይጥፋ። ስኳራችሁ ወርዶ ራሳችሁን ከሳታችሁ ወይም ያለ ሰው እርዳታ መነሳት ካቃታችሁ፣ ሐኪማችሁ አይቶ እስኪፈቅድ ድረስ መሪ አትጨብጡ፤ ሕጉም የሚያዘው ይህንኑ ነው።