ባለ 4 ኦም ስፒከር ከሪሲቨር ጋር ሲያገናኙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፊልሙ ጥሩ ቦታ ላይ ደርሷል። መኪና ከመኪና ይጋጫል፣ ሕንፃ ይፈርሳል፣ ሶፋው ሳይቀር ይንቀጠቀጣል። ድንገት ጸጥ! ምስሉ አለ፣ ድምፅ የለም። ሪሲቨሩ ራሱን አጥፍቷል። መልሼ አበራሁት፣ ድምፁንም እንደገና ከፍ አደረግሁት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ደገመው። የተበላሸ ዕቃ ሸጡልኝ ብዬ ስረግም ሰነበትኩ። በኋላ ማኑዋሉን ሳነብ ጥፋቱ የኔው ሆኖ ተገኘ። ስፒከሮቼ ባለ 4 ኦም ናቸው። ሪሲቨሩ ደግሞ ከ6 ኦም በታች እንዳይያያዝብኝ ይላል።

በነገራችን ላይ፣ እዚህ ሪሲቨር የምለው ከዲሽ ጋር የሚሠራውን ዲኮደር አይደለም። አምፕሊፋየሩን (ባጭሩ አምፑን፣ ስፒከሩን የሚነዳውን ክፍል) በውስጡ የያዘውን፣ የሆም ቴአትር ስፒከሮች ሁሉ የሚሰኩበትን ትልቁን ሳጥን ነው።

ኦም ማለት ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ ያለው እምቢተኝነት ነው ይበሉ። እምቢታው ሲያንስ የሚጎርፈው ከረንት ይበዛል። አምፑ 20 ቮልት ቢሰጥ፣ ባለ 8 ኦሙ ስፒከር 2.5 አምፒር ይወስዳል፤ 50 ዋት ማለት ነው። በዚያው 20 ቮልት ባለ 4 ኦሙ 5 አምፒር ይስባል፤ 100 ዋት ይሆናል። አምፑን የሚያግለው ይህ እጥፍ ከረንት ነው።

ስፒከሩ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ቁጥር እንዳለ ማመን

ያ ቁጥር ግምታዊ ስም ነው። እውነተኛው ኢምፒዳንስ፣ ማለትም በኦም የሚለካው ያ እምቢታ፣ እንደ ድምፁ ቅጥነትና ውፍረት ከፍ ዝቅ ይላል። ዓለም አቀፉ ደረጃ ዝቅተኛው ነጥብ ከተጻፈው 80 በመቶ በታች እንዳይወርድ ይላል። ስለዚህ ባለ 8 ኦሙ እስከ 6.4፣ ባለ 4 ኦሙ እስከ 3.2 ቢወርድ ያስኬዳል። ግን ሁሉም አምራች አያከብረውም። 8 ኦም ተብለው አንዳንድ ቦታ ላይ ወደ 4 የሚወርዱ ስፒከሮች ሞልተዋል። ስለዚህ መረጃው ላይ «ዝቅተኛ ኢምፒዳንስ» የሚል መስመር ካለ ከሁሉ በፊት እሱን ይዩ። በመልቲሜትር ለክቼ አውቀዋለሁ ማለትም አያዋጣም። መልቲሜትሩ ስፒከሩ ውስጥ የተጠመጠመውን ሽቦ ሬዚስታንስ ብቻ ነው የሚነግርዎት፤ ባለ 4 ኦም ስፒከር ላይ 3 ተኩል ገደማ ቢያሳይ አይደንግጡ።

ካርቶኑ ላይ ባለው ዋት መማረክ

በትልቁ የተጻፈው ዋት ብዙ ጊዜ የተለካው አንድ ቻናል (አንድ ስፒከር የሚነዳው የአምፑ ክፍል) ብቻውን ሲሠራ፣ በ1 ኪሎ ኸርዝ፣ ድምፁ 10 በመቶ እስኪዛባ ድረስ ተገፍቶ ነው። እንዲህ የተዛባ ድምፅ ማንም ቁጭ ብሎ አይሰማም። እርስዎ የሚፈልጉት ቢያንስ ሁለት ቻናል አብረው ሲሠሩ፣ በ8 ኦም፣ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ፣ ከ0.1 በመቶ ባነሰ መዛባት የተለካውን ነው። ቻናሎቹ ሁሉ አንድ ፓወር ሰፕላይ እንደሚካፈሉም አይርሱ። ከዚያ የ4 ኦሙን ቁጥር ይፈልጉ። በ8 ኦም 100 ዋት የሚሰጥ አምፕ በ4 ኦም 170 ወይም 180 ከሰጠ ጉልበት አለው። የ4 ኦሙ ቁጥር ጭራሽ ካልተጻፈ፣ እሱም ራሱ መልስ ነው።

የኢምፒዳንሱን ማብሪያ እንደ መድኃኒት ማየት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሪሲቨሩ ጀርባ ወይም ሜኑው ውስጥ ከ8 ወደ 6 ወይም ወደ 4 ኦም የሚቀየር ምርጫ አለ። ስፒከሬ 4 ስለሆነ 4 ላይ ላድርገው ይላል ሰው፤ ምክንያታዊም ይመስላል። ነገር ግን ይህ ምርጫ ሪሲቨሩን ከስፒከሩ ጋር አያስማማውም፣ ጉልበትም አይጨምርለትም። በብዙ ሪሲቨሮች ላይ ሥራው ለአምፑ የሚደርሰውን ቮልቴጅ መቀነስ ነው። ቮልቴጁ ሲቀንስ ሙቀቱም ይቀንሳል፤ ግን ዋቱም አብሮ ይወርዳል። አቅም ያጣ አምፕ ደግሞ ድምፁ ከፍ ሲል የሞገዱን ጫፍ ይቆርጠዋል። ድምፁ ይሻክራል፣ ሲብስም ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ትዊተር ሊያቃጥል ይችላል።

እኔ ብሆን መካከለኛ ክፍል ውስጥ፣ በመካከለኛ ድምፅ፣ ሪሲቨሩ በደንብ አየር እያገኘ ከሆነ 8 ላይ እተወዋለሁ። ማኑዋሉ ለ4 ኦም ስፒከር ቀይሩት ብሎ በግልጽ ካዘዘና ዋስትናው እንዳይነካብዎት ከሰጉ ግን ማኑዋሉን ይስሙ፤ ዋትዎ እንደሚቀንስ እያወቁ።

በአንድ መሰኪያ ሁለት ስፒከር

ሁለት ባለ 8 ኦም ጎን ለጎን ሲያያዙ 4 ይሆናሉ፣ ሁለት ባለ 4 ደግሞ 2። ሁለት ኦም የሚሸከም የቤት ሪሲቨር ብርቅ ነው። ሁለት ቻናል አጣምሮ አንድ ስፒከር መንዳትም ያው ነው፤ እያንዳንዱ ቻናል የስፒከሩን ኦም ግማሹን ብቻ ያያል። በባለ 4 ኦም አይሞክሩት። ሬዚስተር ጨምሬ ወደ 8 ላድርሰው የሚሉም አሉ። ግማሹን ዋት ሙቀት አድርጎ ይበትነዋል፣ የድምፁንም ቃና ያበላሻል።

ዴሲቤሉን ሳይጠይቁ ማወዳደር

የስፒከር ሴንሲቲቪቲ፣ ማለትም ስፒከሩ ምን ያህል እንደሚጮኽ በዴሲቤል የሚናገረው ቁጥር፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው በ2.83 ቮልት ነው። ይህ በ8 ኦም 1 ዋት፣ በ4 ኦም ግን 2 ዋት ነው። ስለዚህ 90 ዴሲቤል የተባለው ባለ 4 ኦም በ1 ዋት ቢለካ 87 ነው። ይህን ሳያዩ «ይሄኛው በቀላሉ ይጮኻል» ብሎ መግዛት መጨረሻው አምፑን ማስጨነቅ ይሆናል።

ቤዙን ሁሉ በሪሲቨሩ ላይ መጫን

ሰብዉፈር (ለወፍራሙ ድምፅ፣ ለቤዙ የተሠራው ስፒከር) እያለ ሪሲቨሩ ሜኑ ውስጥ ዋና ስፒከሮቹን «ትልቅ» ብሎ የሚተው ሰው ብዙ ነው። ስፒከሩ ሰውን ስለሚያህል ይሆናል። ከባዱን ጉልበት የሚበላው ግን ቤዙ ነው። «ትንሽ» ብለው መቁረጫውን (ቤዙ ወደ ሰብዉፈሩ የሚዛወርበትን ነጥብ) 80 ኸርዝ ላይ ያድርጉት። ሰብዉፈሩ አብዛኛውን ጊዜ የራሱ አምፕ ስላለው ሸክሙን ይወስዳል፣ ሪሲቨሩም እፎይ ይላል። ምንም ወጪ የለውም። እኔ ከሁሉ በፊት የምሞክረው ይህንን ነው።

ይህም ካልበቃ ሌላ ሪሲቨር ለመግዛት አይጣደፉ። የያዙት ሪሲቨር ፕሪ አውት የሚባል፣ ድምፁን ወደ ሌላ አምፕ የሚልክ መውጫ ካለው፣ ለ4 ኦም የሚሆን ባለ ሁለት ወይም ባለ ሦስት ቻናል አምፕ ለፊት ስፒከሮቹ ብቻ ይበቃል። የኋላዎቹ ሪሲቨሩ ላይ ይቅሩ። መውጫው ከሌለው ግን አምፑን መግዛት ከንቱ ነውና አስቀድመው ጀርባውን ይዩ።

ቀጭን ሽቦና የታፈነ ሳጥን

10 ሜትር ርቀት ላይ 1.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦ ደርሶ መልስ 0.23 ኦም ያህል ይጨምራል። ለ8 ኦም ብዙም አይደለም። ለ4 ኦም ግን 6 በመቶ ገደማ ነው፤ እዚያ ርቀት ላይ 2.5 ይጠቀሙ። ሪሲቨሩንም በር ያለው ካቢኔት ውስጥ አይዝጉበት፣ በላዩም ምንም አይጫን። ያ በፊልም መሃል ራሱን የሚያጠፋው ሪሲቨሬ፣ አናቱ ላይ የዲሹ ዲኮደር ተቀምጦበት ነበር።