ዓሣው ሳይመጣ ስፖንጁ ይቅደም

የመጀመሪያውን ክላውንፊሽ (የባሕር ዓሣ ነው) ገዝቼ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ያደረስኩት ቀን ለይቶ ማቆያ ገንዳዬ፣ ማለትም አዲስ ዓሣ ወደ ዋናው ገንዳ ከመግባቱ በፊት ለብቻው የሚቆይበት፣ መስታወት ይመስል ነበር። አዲስ ውኃ፣ አዲስ የማጣሪያ ስፖንጅ። በ4ኛው ቀን ዓሣው ሞተ። አሞኒያ በዓይን አይታይማ!

ዓሣ በስንጥቡ አሞኒያ ያወጣል። አንዱ ዓይነት ባክቴሪያ ያንን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ደግሞ ናይትራይቱን ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጣል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በብዛት የሚኖሩት ውኃው ውስጥ ሳይሆን ስፖንጁ ላይ ተጣብቀው ነው። ስለዚህ ከዋናው ገንዳ ውኃ ብቻ ቀድቶ ማምጣት ብዙም አይጠቅምም።

ዋና ገንዳ ካላችሁ ነገሩ ቀላል ነው። አንድ ትርፍ ስፖንጅ ፊልተር እዚያ ውስጥ ቢያንስ 4 ሳምንት አቆዩና ዓሣው ሲመጣ ወደ ለይቶ ማቆያው አዛውሩት። በቧንቧ ውኃ እንዳታጥቡት፣ ክሎሩ ባክቴሪያዎቹን ይጨርሳቸዋል። አንዴ ለይቶ ማቆያ የገባ ስፖንጅ ደግሞ ወደ ዋናው አይመለስም፤ በሽታውን ይዞ ይሄዳል።

ከዜሮ የምትጀምሩ ከሆነ ትዕግሥት ይጠይቃል። ለ40 ሊትር ውኃ ወደ 1.5 ኪሎ የባሕር አኳሪየም ጨው ይበቃል። የወጥ ጨው አይሆንም፣ አሞሌም አይሆንም (የጠየቀኝ ሰው ስላለ ነው)። ከሮቶ የቀዳችሁትን ውኃ መጀመሪያ በክሎር ማጥፊያ አክሙት። ሙቀቱን በሂተር 26 ዲግሪ አካባቢ ያዙት፤ የኅዳርና የታኅሣሥን ሌሊት ታውቁታላችሁ፣ ባክቴሪያው በብርድ ይንቀራፈፋል። ከዚያ ለባክቴሪያዎቹ ምግብ በሊትር 2 ሚሊግራም አሞኒያ እንዲኖር አሞኒየም ክሎራይድ ጨምሩ። ካጣችሁ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጣሉበትና ይበስብስ፣ ትንሽ ይሸታል እንጂ ይሠራል። አሞኒያው ይወጣና ይወርዳል፣ ናይትራይቱም ይከተላል፤ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። የጨመራችሁት 2 ሚሊግራም በ24 ሰዓት ውስጥ ጠፍቶ አሞኒያም ናይትራይትም ዜሮ ካሳዩ ገንዳው ዝግጁ ነው። ዓሣው እስኪመጣ ግን ባክቴሪያዎቹን መመገብ አታቁሙ፣ ይራባሉ።

መብራት ሲጠፋስ? ባክቴሪያም ይተነፍሳል። እኛ ያለነው ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ውኃው የሚይዘው ኦክስጅን ከመነሻው ያነሰ ነው፤ በባትሪ የሚሠራ አየር ፓምፕ ሳትይዙ አትጀምሩ። መብራቱ ሲመለስ ዓሣውን ከመመገባችሁ በፊት አሞኒያውን ለኩ።

ዓሣውን ከጥገኛ ተውሳክ በመዳብ መድኃኒት የምታክሙ ከሆነ ድንጋይና አሸዋ አታስገቡ፣ መድኃኒቱን ይመጥጡታል። አሞኒያ ማጥፊያ ፈሳሽም ከመዳብ ጋር አትቀላቅሉ፤ አንዳንዱ መዳቡን ለዓሣው መርዝ ያደርገዋል። አሞኒያ ከታየ መፍትሔው በተመሳሳይ መጠን መዳብ የተጨመረበት አዲስ የጨው ውኃ መቀየር ነው። እንደ እኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ከሆነ 20 ሊትር ጨው ውኃ አስቀድማችሁ በጀሪካን በጥብጡ። መዳቡን የምትጨምሩት ልትቀይሩ ስትሉ ነው። ጀሪካኑ ላይ ደግሞ በትልቁ ጻፉበት፤ እኛ ቤት አንዴ ሽሮ ተሠርቶበታል።