ሳቫትን ከሌላ ማርሻል አርት ጋር ጎን ለጎን ለመማር

የፈረንሳይ ቦክስ እየተባለ የሚጠራውን ሳቫትን ከቴኳንዶ፣ ከካራቴ ወይም የታይላንድ ቦክስ ከሆነው ከሙዋይ ታይ ጋር ጎን ለጎን መማር የሚጀምሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ርግጫዎቹን አንድ በአንድ እየለዩ በነባሩ እውቀታቸው ላይ ለመደመር ይሞክራሉ። ይህ መንገድ ሩቅ አያደርስም፤ ምክንያቱም ቴኳንዶ የተማረ ሰው ከሳቫት አራት የርግጫ ዓይነቶች አብዛኞቹን የሚመስል እንቅስቃሴ አስቀድሞ ያውቃል። ዋናው ልዩነት ጫማው ነው። ሳቫት በጫማ የሚሠራ ስፖርት ሲሆን፣ በሕጉ መሠረት ርግጫ የሚያርፈው በጫማው ብቻ ነው፤ በቅልጥም፣ በጉልበትና በክርን መምታት አይፈቀድም። የተጋጣሚን እግር መያዝም ክልክል ነው። ሌላው ሁሉ፣ ማለትም ርቀቱም፣ አቋቋሙም፣ የጉልበቱ አነሣሥም ከዚህ የሚመነጭ በመሆኑ ትምህርቱን ከዚሁ መጀመር ይገባል።

ሁለት ስልት ማዋሐድ ትምህርቱን ያበላሻል ብለው የሚሰጉ አሠልጣኞች አሉ። ሳቫት ራሱ ግን የቅይጥ ውጤት ነው። ሚሼል ካሱ እ.ኤ.አ. በ1825 በፓሪስ ማሠልጠኛ ሲከፍት እጅ በአብዛኛው የሚያገለግለው በተከፈተ መዳፍ ለመከላከልና ለመማታት ነበር፤ የእንግሊዝን ቦክስ ተምሮ ቡጢውን ከርግጫው ጋር ያቀናጀው ከእርሱ በኋላ የመጣው ሻርል ሌኩር ነው። በዚህም የተነሣ ቦክስ የሚያውቅ ሰልጣኝ በሳቫት ውስጥ የሚያገኛቸው ቡጢዎች እንግዳ አይሆኑበትም፤ የልምምድ ጊዜውን በሙሉ ለእግር ቢያውለው ይሻላል።

ለሳቫት የሚሠራው ጫማ ሶሉ ለስላሳና ወጣ ገባ የሌለው፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስና ቀላል ነው። እርሱ ካልተገኘ በቦክስ ጫማ አረማመዱንና ለመምቻ በተሰቀለ ከረጢት ላይ የሚደረገውን ልምምድ መጀመር ይቻላል። ሶሉ ጥርስ ባለው የሩጫ ጫማ ግን ሰው ላይ መለማመድ አይገባም፤ ቆዳ ይልጣል፣ ሰልጣኙ በአንድ እግሩ ሲዞርም ወለሉን ነክሶ ጉልበቱን ይጠመዝዘዋል።

መጀመሪያ የሚጠናው ፉዌቴ የሚባለው ርግጫ ነው። ጉልበት ወደ ጎን ከፍ ይላል፣ ተረከዝ ወደ መቀመጫ ይጠጋል፣ የቆመው እግር በጣቶቹ መነሻ ላይ ይዞራል፤ ከዚያም እግሩ ከጉልበት በታች እንደ ጅራፍ ተወርውሮ በጫማው ጫፍ ወይም በላይኛው ገጽ ያርፍና ወዲያውኑ በመጣበት መንገድ ይመለሳል። ብዙዎች የሚሳሳቱት በመሰናዶው ነው፤ ጉልበቱን ሳያነሡ እግሩን ከመሬት ጀምረው በቅስት ይወረውሩታል። ይህን ለማረም የሚረዳው ቀላል ዘዴ መደገፊያ ያለው ወንበር ከጎን አቁሞ፣ እግሩ የወንበሩን መደገፊያ ከላይ ሳይነካ አልፎ እንዲዘረጋና እንደገና ከላይ አልፎ እንዲመለስ ማድረግ ነው። እንዲህ የተነሣ ጉልበት ርግጫው ወደ ባት፣ ወደ ጎድን ወይም ወደ ራስ እንደሚሄድ ለተጋጣሚው አስቀድሞ አይነግረውም፤ ለእኔ የሳቫት ትልቁ ውበት ይኸው ነው። እንቅስቃሴው ከተስተካከለ በኋላ ወደ ከረጢት ተጠግተው የጫማው ጫፍ ብቻ የሚደርስበትን ርቀት ይፈልጉ፤ ቅልጥምዎ ከረጢቱን ከነካ ቀርበዋል ማለት ነው።

ሻሴ የሚባለው ደግሞ ጉልበትን ወደ ደረት ሰብስቦ በተረከዝ ወይም በውስጥ እግር ወደ ፊት መግፋት ነው፤ ፊት ለፊትም ሆነ ዳሌን አዙሮ በጎን ይሠራል። ረቬር እግርን ዘርግቶ ከውስጥ ወደ ውጭ በማወዛወዝ በጫማው የሚመታ በመሆኑ የቴኳንዶ ሰልጣኝ ብዙም አይቸገርበትም። ኩ ደ ፒዬ ባ ግን ለሁሉም አዲስ ይሆናል። የኋላው እግር ሳይታጠፍ ከዳሌ ተወዛውዞ በጫማው የውስጥ ጠርዝ የተጋጣሚውን ቅልጥም ሲመታ፣ የላይኛው አካል ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ ተጋጣሚው ለቡጢ ሲንደረደር ለማስቆም የሚጠቅመውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከጓደኛ ጋር ሲለማመዱ የቅልጥም መከላከያ ማድረግ የግድ ነው።

ከየትኛው ስልት እንደመጡ ችግርዎም ይለያያል። ከሙዋይ ታይ የመጣ ሰው በቅልጥሙ መምታትና በቅልጥሙ መመከት ተዋህዶታል፤ በሳቫት የመጀመሪያው በሕግ የተከለከለ ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ ከጠንካራ ጫማ ጋር ስለሚያጋጭ ያሳምማል። ስለዚህ ዝቅ ያለ ርግጫ ሲመጣበት የተፈለገውን እግር ወደ ኋላ ስቦ ርግጫውን ባዶ ማሳለፍንና ወዲያው መመለስን ይለማመድ። ወደ ሙዋይ ታይ ጂም ሲመለስ ደግሞ በዚያ እግር መያዝ እንደሚፈቀድ አይርሳ፤ የፉዌቴ ፈጣን አመላለስ በእውነት የሚጠቅመው እዚያ ነው። በአገራችን በብዛት የሚዘወተረውን ቴኳንዶ የሠራ ሰው እግሩ ቀልጣፋ ቢሆንም እጁን ወደ ታች የመጣል ልማድ ሊኖረው ይችላል፤ በተለይ በውድድር ሕጉ ከወገብ በታች ርግጫ ስለሌለ የፊት እግሩን ለመጠበቅ አይጨነቅም። ለእርሱ የመጀመሪያዎቹ ወራት ስፓሪንግ (ከጓደኛ ጋር የሚደረግ የፍልሚያ ልምምድ) ዝቅ ባሉ ርግጫዎችና በቡጢ ብቻ ቢሆን እመርጣለሁ። ቦክሰኛ በበኩሉ ክብደቱን በፊት እግሩ ላይ ስለሚጥል እግሩን ለማንሣት ይዘገያል፤ ትንሽ ቀና ማለትና ጎኑን መስጠት ይኖርበታል። የካራቴ ሰው የጉልበት አነሣሡ ጥሩ ስለሆነ ብዙ የሚታረም ነገር የለበትም፤ ከመታ በኋላ ቆሞ የመቅረት ልማዱን ይተው።

ሁለቱን ስልቶች በአንድ ክፍለ ጊዜ አያደባልቁ። በሳምንት ሁለት ቀን ለነባሩ ሥልጠና፣ ሌሎች ሁለት ቀናት ለሳቫት ቢመደቡ፣ ጫማ ማድረግና ማውለቅ ራሱ ለአካል የትኛው ሕግ እንደሚሠራ ያስታውሰዋል። በባዶ እግር በሚሠሩበት ቀን ፉዌቴን በጣት ጫፍ ለመምታት መሞከር ጣት ማሰበር ነው፤ በዚያ ቀን በእግር ጀርባ ይጠቀሙ። ለስፓሪንግ አሶ የሚባለውን የሳቫት የውድድር ዓይነት ይምረጡ፤ በእርሱ ኃይል መጠቀም ስለሚያስቀጣና ነጥብ የሚሰጠው ለጥራት ስለሆነ፣ ሙሉ ኃይል ከሚፈቅደው ኮምባ በፊት ርቀትን በትዕግሥት ለመማር ያስችላል።

ሳቫት የማይሸፍነው ነገርም አለ። ኔዘርላንዳዊው የሳቫት ተወዳዳሪ ዤራር ጎርዶ እ.ኤ.አ. በ1993 በዴንቨር በተካሄደው የመጀመሪያው ዩኤፍሲ በሚባለው የቅይጥ ፍልሚያ ውድድር በርግጫና በቡጢ እስከ ፍጻሜው ደርሶ፣ በመጨረሻ በጁ-ጂትሱ ተፋላሚው በሮይስ ግሬሲ መሬት ላይ ታንቆ ተሸነፈ። ዓላማዎ ቅይጥ ፍልሚያ ከሆነ ትግል ወይም ጁዶ መጨመር አለብዎት፤ ወደ ታች ለመጣል የሚገባን ሰው በፊት ለፊት ሻሴ በዳሌው ላይ ማስቆምንም ከታጋይ ጓደኛ ጋር፣ መጀመሪያ በዝግታ፣ ለብቻው ይለማመዱት።