ቁመትን በሲባጎ፦ በገዛ ገላ ልክ ሚክስድ ሚዲያ እንዴት ይሠራል?

ደብረ ብርሃን ሥዕል ማስተማር ስጀምር የሰጠሁት የመጀመሪያ ሥራ «ራሳችሁን ሣሉ» የሚል ነበር። ሁሉም ፊት ሣሉ። አንዱ ብቻ አንገት ጨመረ። ክፍሉ በመታወቂያ ፎቶ ተሞላ። ስለዚህ እኔ የምጀምረው በክልከላ ነው፦ ፊት አይነካም። እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ።

የምንሠራው ሚክስድ ሚዲያ፣ ማለትም ልዩ ልዩ ዕቃ በአንድ ሥራ ላይ የሚቀላቀልበት፣ በቁመታችሁ ልክ የሆነ ረጅም ጨርቅ ነው፤ የተሰፋ፣ የተለጠፈ፣ የተቀባ። ሐሳቡን ያገኘሁት ከክታብ ነው። ደብተራው ብራናውን እየቀጣጠለ የሚሰፋው በባለቤቱ ቁመት ልክ ነበር፤ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር እንዲጠብቀው። በጸሎቱ መሀል የክርስትና ስሙ ይገባል። ሥዕሎቹ ላይ ደግሞ ዓይን ይበዛል፤ ትልልቅ፣ አፍጥጦ የሚያይ ዓይን። ቆዳ፣ ቀለም፣ ክር፣ ስምና የሰው ቁመት በአንድ ላይ። ይሄ ሚክስድ ሚዲያ ካልሆነ ምኑ ነው?

መጀመሪያ ልኬት። ሜትር አትጠቀሙ። ሲባጎ ውሰዱ፤ ተረከዛችሁን ግድግዳ አስነክታችሁ ሌላ ሰው ይለካችሁ። ጉልበት ላይ አንድ ቋጠሮ፣ እምብርት ላይ አንድ፣ ትከሻ ላይ አንድ። ሜትር ቁጥር ብቻ ነው የሚሰጣችሁ። ሲባጎው ግን እጃችሁ ላይ ይቆያል፤ ጨርቁ ላይ ስትዘረጉት ጉልበታችሁ የት እንዳለ ያሳያችኋል። እኔ 1 ሜትር ከ64 ነኝ፤ ጉልበቴ ካሰብኩት በላይ ዝቅ ብሎ አገኘሁት።

እምዬ፣ የመንዝ ሞላሌ ሴት ናት፣ ስለካ አይታ ጮኸችብኝ። «በቁሙ ሰው አይለካም! የሚለካ ሬሳ ነው።» ክታቡን ሳነሳባት ትንሽ ዝም አለች። «እሱማ እኔንም በልጅነቴ ለክተውኛል» አለች። ከዚያ ወዲህ ሲባጎውን የምትይዝልኝ እሷ ናት። ወደ ታች መጎንበስ ስለማትችል የላይኛውን ጫፍ።

መደቡ አቡጀዴ ነው። ቁመታችሁ ላይ ሁለት ስንዝር ጨምራችሁ ግዙ። ሳትቆርጡት እጠቡት፤ ስለሚሰበሰብ። ሲደርቅ የማዳበሪያ ከረጢት ላይ ዘርጉትና ነጭ የእንጨት ኮላ በውኃ አቅጥናችሁ ቀቡት። አንድ እጅ ኮላ ለሁለት እጅ ውኃ ይበቃዋል። ከረጢቱ ኮላውን ስለማይዝ ሲደርቅ ጨርቁ በቀላሉ ይነሣል።

እዚህ ላይ የደጋ ሰው ይስማኝ። ከተማችን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ የታኅሣሥን ሌሊት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። የመጀመሪያ ሥራዬን ማታ ለጥፌ ተኛሁ። ጠዋት ኮላው እንደ ኖራ ነጥቶ፣ በጣት ሲነኩት ይራገፋል። ኮላው ተበላሽቶ አይደለም፤ በብርድ ሲደርቅ እርስ በርሱ አይያያዝም። የሁለት ሳምንት ሥራ ሄደ። አሁን ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ኮላ አልከፍትም፤ ከ8 ሰዓት በኋላም አልለጥፍም። ሸዋ ሮቢት ያላችሁ ይህን ዝለሉት። እናንተ ደግሞ ኮላው ብሩሹ ላይ እያለ እንዳይደርቅባችሁ ተሽቀዳደሙ።

ቀጥሎ ጨርቁ ላይ ተኙ፤ የምታምኑት ሰው ዙሪያችሁን በከሰል ያስምር። ከሰሉ ቀጥ ብሎ ይያዝ። እህቴ አጋድማ ይዛው አንድ እጥፍ አወፈረችኝ። እስካሁን «ልክሽ ነው» ትላለች።

አሁን ዋናው ነገር፣ ዕቃ መምረጥ። የእኔ ሕግ አንድ ነው፦ ገላችሁን ነክቶ የማያውቅ ነገር አይገባም። ከገበያ የተገዛ ጌጥ፣ ዶቃ፣ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ይቅር። እኔ የወሰድኩት በልጅነቴ የለበስኩትን ባና (ከበግ ጠጉር የተሠራ ልብስ) ቁራጭ፣ የዩኒፎርሜን ኪስ፣ የነጠላዬን ጥለት፣ የግራ ክንዴን ራጅና የመታወቂያዬን ኮፒ ነው።

ባና በኮላ አይለጠፍም። የበግ ጠጉር ቅባት አለው፤ የያዘ ይመስልና ይለቃል። ለብ ባለ ውኃና ሳሙና ሳታሹት ንከሩት፤ ካሻችሁት ይጠቀጠቃል። ከዚያ በወፍራም መርፌ ስፉት። ስፌቱ ይታይ፤ አትደብቁት።

ራጅም ላዩ ስለሚያንሸራትት ኮላ አይወድም። ጠርዙን በወስፌ ብሱና ስፉ። ከበስተጀርባው ያለውን አቡጀዴ በመቀስ ክፈቱት፤ ብርሃን ሲገባ አጥንቱ ይበራል። አሜሪካዊው ሠዓሊ ሮበርት ራሸንበርግ በ1967 እ.ኤ.አ. የራሱን ገላ ከራስ እስከ እግር ራጅ ተነሥቶ በሰው ቁመት አትሞታል። እኔ ያለችኝ አንድ ክንድ ናት፤ ከአህያ ላይ ወድቄ የተሰበረች። ራጅን በትክክለኛው ክንድ ቦታ ላይ አትስፉት። የእኔ ደረቴ ላይ ነው።

የሰው ገላ ሥዕል ቆንጆ መሆን አለበት የሚል ካጋጠማችሁ የኬንያ ተወላጇን ሠዓሊ ዋንጌቺ ሙቱን አሳዩት። በ2006 እ.ኤ.አ. የድሮ የማሕፀን በሽታ ሥዕሎችን ወስዳ፣ ከመጽሔት በተቆረጡ ቁርጥራጮች፣ በፀጉርና በብልጭልጭ 12 የሴት ፊት ሠርታባቸዋለች። ብልጭልጩ የእኔን ሕግ ይጥሳል። እሷ ትችላለች።

ጽሑፍና ፎቶ ለማስተላለፍ በሌዘር የታተመ ኮፒ ያስፈልጋል፤ በውኃ ቀለም የሚያትመው ፕሪንተር ቀለሙ ይፈሳል። የታተመበትን ገጽ ኮላ ቀቡት፣ ጨርቁ ላይ ገልብጣችሁ ተጫኑት፣ አንድ ቀን ይደር። በማግስቱ ጀርባውን አርጥባችሁ ወረቀቱን በጣት እያሻችሁ አንሡት። ቀለሙ ጨርቁ ላይ ይቀራል። አትቸኩሉ፤ ጥፍር ከገባበት ይቀደዳል። ኮፒ ቤት ስትሄዱ «ገልብጠህ አትምልኝ» ማለት አትርሱ። እኔ ረስቼ ስሜ ከቀኝ ወደ ግራ ወጣ። ልፈቀው ብዬ ተውኩት። መስታወት ፊት ሲሰቀል በትክክል ይነበባል።

የክርስትና ስማችሁንስ? ክታብ ላይ ይጻፍ ነበር፤ ግን ተጠቅልሎ ነው የሚያዘው። እኔ ከጀርባ ጻፍኩትና ላዩ ላይ የዩኒፎርሙን ኪስ ሰፋሁበት። እዚህም አልነግራችሁም።

የመጨረሻው ቀን ሲመጣ ፊቱ ባዶ ነበር። ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በ1925 ዓ.ም. የተወለዱት እዚሁ አንኮበር ነው፤ ተማሪዎቼ ሥዕል ሲባል የእሳቸው ዓይነት ያማረ መልክ ይታያቸዋል። እኔ ሞክሬ ሦስቴ አጠፋሁት። በመጨረሻ ባናውን አፍና አፍንጫ ላይ ሰፋሁና ከላዩ በጥቀርሻ ሁለት የክታብ ዓይን ሣልኩ። ጠዋት 12 ሰዓት ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ቆሞ ያየ ይገባዋል። እዚህ ሰው ሁሉ ከዓይኑ በታች ጋቢ ነው።

ሲያልቅ አትጠፉት፤ ራጁ ይሰነጠቃል። ጠቅልሉት። ባናው ብል እንዳይበላው በየጊዜው ፀሐይ አሙቁት። እኔ የማስቀምጠው በፕላስቲክ ቧንቧ ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ላሳየው 130 ኪሎ ሜትሩን ስሄድ የሚኒባሱ ረዳት ቧንቧውን አየና ሒሳብ ጠየቀኝ። «ዕቃ እኮ ነው» አልኩት። «ሰው ያክላል እኮ!» አለ። ከፈልኩ።