ከውጭ አገር ሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ የስንብት ክፍያውን እንዴት ይጠይቃል?

ከጎንደር ከተማም ሆነ ከደምቢያ፣ ከወገራና ከደባርቅ ተነሥተው ወደ ዓረብ አገሮች ለሥራ የሄዱ ወጣቶች ሲመለሱ፣ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቃቸው ስለ ቀረባቸው ወርኃዊ ደመወዝ ነው። ስለ ስንብት ክፍያ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። አሠሪው ሲሸኛቸው የሰጣቸውን ገንዘብ እንደ ቸርነት የሚቆጥሩ፣ ባዶ እጃቸውን ሲሸኛቸውም «ለአገሬ መብቃቴ ይበቃኛል» ብለው ነገሩን የሚተዉ ብዙዎች ናቸው። ይሁን እንጂ የስንብት ክፍያ ሠራተኛው በአገልግሎት ዘመኑ ያገኘው፣ የሠራበት አገር ሕግ ያጸናለት ገንዘብ እንጂ ስጦታ አይደለም። በዚህ ጉዳይ ከሁሉ በላይ ሊታወቅ የሚገባው፣ ክፍያው መጠየቅ ያለበት ከዚያ አገር ከመውጣት በፊት መሆኑ ነው። አውሮፕላን ከተሳፈሩ በኋላም መብቱ ባይጠፋም፣ መንገዱ እጅግ ይረዝማል፤ ወጪውም ይጨምራል።

የሚሠራው የየትኛው አገር ሕግ ነው?

በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ እንደሚከፈል የሚያውቁ ሰዎች፣ ይህንኑ ስሌት ውጭ አገር ለተሠራ ሥራም ሲያውሉት ይታያል። ስሌቱ ግን የሚከናወነው በሠሩበት አገር ሕግ ነው፤ በዚያም ላይ ብዙዎቹ አገሮች በድርጅት የተቀጠረንና በሰው ቤት የሚሠራን ሠራተኛ በተለያየ ሕግ ያስተዳድራሉ። ስለዚህ ማንኛውም ሠራተኛ አስቀድሞ ከእነዚህ ከሁለቱ በየትኛው ወገን እንዳለ ለይቶ ማወቅ አለበት።

በሳዑዲ ዓረቢያ በድርጅት ወይም በሱቅ የተቀጠረ ሠራተኛ፣ በሥራ ሕጉ አንቀጽ 84 መሠረት ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ለእያንዳንዱ ዓመት የግማሽ ወር ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የአንድ ወር ሙሉ ደመወዝ ያገኛል። ከዓመት በታች ያለው ጊዜም በመጠኑ ይታሰባል፤ ስሌቱ የሚሠራውም በመጨረሻው ደመወዝ ነው። ለምሳሌ በወር 1,500 ሪያል እየተከፈለው ሰባት ዓመት ከመንፈቅ ሠርቶ የተሰናበተ ሰው ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት 3,750፣ ለቀሪው ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ደግሞ 3,750፣ በድምሩ 7,500 ሪያል ይገባዋል። ሥራውን በራሱ ፈቃድ የለቀቀ ከሆነ ግን አንቀጽ 85 ይህን ይቀንሰዋል፤ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ላገለገለ ሲሶው፣ ከአምስት ዓመት በላይና ከአሥር በታች ላገለገለ ሁለት ሦስተኛው፣ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ላገለገለ ሙሉው ይከፈለዋል። ስለሆነም ከላይ የተጠቀሰው ሰው «በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» የሚል ወረቀት ላይ ቢፈርም ክፍያው ወደ 5,000 ሪያል ይወርዳል። አሠሪዎች የስንብቱን ደብዳቤ በመልቀቂያ መልክ አዘጋጅተው ለማስፈረም የሚቸኩሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የስንብት ክፍያና ያለ በቂ ምክንያት ለተባረረ ሠራተኛ የሚከፈለው ካሳ የተለያዩ ናቸው። በሳዑዲ የውጭ አገር ሠራተኛ ውል ጊዜው የተወሰነ ስለሆነ፣ አሠሪው ውሉን ያለ ሕጋዊ ምክንያት ቢያቋርጥና ውሉ ራሱ ሌላ ካሳ ካልወሰነ፣ በአንቀጽ 77 መሠረት የቀረውን የውል ዘመን ደመወዝ ይከፍላል፤ ይህም ከሁለት ወር ደመወዝ ሊያንስ አይችልም። ያልተከፈለ ደመወዝ፣ ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድና የመመለሻ ትኬትም ለየብቻቸው የሚቆጠሩ ናቸው። «ሁሉም በዚህ ውስጥ አለ» ተብሎ የሚሰጥ አንድ ድምር ሲቀርብልዎ እያንዳንዱን ለይቶ የሚያሳይ ዝርዝር ይጠይቁ።

በሳዑዲ በሰው ቤት የምትሠራ እህት የምታገኘው ግን ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው። የቤት ሠራተኞች ደንብ የሚሰጠው በአንድ አሠሪ ዘንድ አራት ተከታታይ ዓመታት ላጠናቀቀች ሠራተኛ የአንድ ወር ደመወዝ ነው። ሕጉ ለቤት ሠራተኛ ይህን ያህል ትንሽ በመስጠቱ እናዝናለን፤ ያም ሆኖ አራት ዓመት የሞላት እህት ያንን የአንድ ወር ደመወዝ ትታ መምጣት የለባትም። አራት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሳምንታት ሲቀሯት ወደ አገርሽ ግቢ የተባለች ሠራተኛም ቀኑን አስልታ ጉዳይዋን ለሚመለከተው ክፍል ማስረዳት ይኖርባታል።

በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የሥራ ሕግ፣ አንድ ዓመት ላጠናቀቀ የድርጅት ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በዓመት የ21 ቀን፣ ከዚያ በኋላ በዓመት የ30 ቀን መነሻ ደመወዝ ይሰጣል፤ ጠቅላላው ከሁለት ዓመት ደመወዝ አይበልጥም። እዚህ ላይ «መነሻ ደመወዝ» የሚለውን ልብ ይበሉ። ለቤትና ለትራንስፖርት የሚከፈለው አበል በስሌቱ አይገባም፤ ስለዚህ በውሉ ላይ መነሻው ዝቅ ብሎ አበሉ ከፍ ያለ ከሆነ የስንብት ክፍያውም ያንሳል። መነሻ ደመወዙ 1,200 ድርሃም ሆኖ አራት ዓመት ከመንፈቅ የሠራ ሰው በቀን 40 ድርሃም፣ በዓመት 840፣ በድምሩ 3,780 ድርሃም ያገኛል።

በኳታር የድርጅት ሠራተኛም ሆነ የቤት ሠራተኛ ከአንድ ዓመት አገልግሎት በኋላ በዓመት ቢያንስ የሦስት ሳምንት ደመወዝ ያገኛሉ። በኩዌት በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ ለእያንዳንዱ ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ ይሰጣል፤ ይህም በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለቤት ሠራተኛ ከተሻሉት አንዱ ነው። ሊባኖስ የቤት ሠራተኛን ከሥራ ሕጓ ውጭ ስላደረገች፣ እዚያ ያለች ሠራተኛ የምትከራከረው በፈረመችው ውል ነው። በእስራኤል ደግሞ በ1963 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት አንድ ዓመት ሠርቶ የተሰናበተ ሠራተኛ፣ የውጭ አገር ዜጋም ቢሆን፣ በዓመት የአንድ ወር ደመወዝ ያገኛል፤ አረጋዊ የሚንከባከቡ ሠራተኞች አሠሪያቸው በሞት ሲለይም ይህ መብት አላቸው።

ከመሰናበት በፊት የሚያዙ ማስረጃዎች

የማስረጃው ዝግጅት የሚጀምረው ጎንደር ላይ ነው። ከመሄድዎ በፊት የተፈረመውን የሥራ ውል፣ የፓስፖርቱንና የቪዛውን ቅጂ ለቤተሰብ ይተዉ፤ የኤጀንሲውን ሙሉ ስምና የፈቃድ ቁጥር፣ የአሠሪውን ስም፣ ስልክና ከተማ በወረቀት ላይ ይጻፉ። ጉዳዩን የጨረሰው ደላላ ቢሆንም እንኳ ውሉ በየትኛው ኤጀንሲ ስም እንደተመዘገበ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በኋላ በሕግ የሚጠየቀው ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ ነውና። ሥራ ከጀመሩ በኋላ የኢቃማውን (የመኖሪያ ፈቃዱን) ፎቶና ደመወዝ በባንክ የገባበትን መግለጫ በቴሌግራም ወይም በኢሞ በየጊዜው ይላኩ። ስልኳን አሠሪዋ የያዘባት እህት ይህን ማድረግ ስለማትችል፣ እናት ወይም ወንድም ቤት ውስጥ አንድ ደብተር ይዘው የሄደችበትን ቀን፣ የደወለችበትን ቀን፣ ገንዘብ የላከችበትን ቀንና መጠን መመዝገብ ይችላሉ። ሐዋላ ብቻውን የደመወዝን ልክ ባያረጋግጥም ሠራተኛዋ በዚያ ጊዜ ሥራ ላይ እንደነበረች ለማሳየት ያግዛል።

ቀን ስትመዘግቡ የዘመን አቆጣጠሩን አብራችሁ ጻፉ። ውሉ በሂጅራ ወይም በፈረንጆች ቀን ሊጻፍ ይችላል፣ ቤተሰብ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ያስባል፤ የሂጅራ ዓመት ከሌሎቹ በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር በረጅም አገልግሎት ላይ ልዩነቱ ወራት ይደርሳል።

የስንብቱ ዕለትና ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት

ስንብቱን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ አሠሪው እምቢ ቢል በስልክ መልእክት «ከዛሬ ጀምሮ ሥራ እንዳቆም ነግረውኛል» ብለው ይላኩለትና መልእክቱን ያስቀምጡ። በዓረብኛ የተጻፈና ያላነበቡት ወረቀት ላይ አይፈርሙ። በተለይ ሙኻለሳ የሚባለው ወረቀት «መብቴን ሁሉ ተቀብያለሁ፣ ከእንግዲህ የምጠይቀው የለኝም» የሚል ትርጉም ስላለው፣ ገንዘቡ በእጅዎ ወይም በባንክ ሂሳብዎ ሳይገባ ከተፈረመ በኋላ የሚቀርበውን አቤቱታ ሁሉ ያዳክማል። ለመፈረም ከተገደዱ የተቀበሉትን ትክክለኛ መጠን ከፊርማዎ አጠገብ በአማርኛ ይጻፉ፤ የሚቻል ከሆነም ወረቀቱን ፎቶ ያንሡ።

በሳዑዲ ሠራተኛውን ያሰናበተው አሠሪው ከሆነ ሂሳቡን በአንድ ሳምንት፣ ሠራተኛው ራሱ ከለቀቀ በሁለት ሳምንት ውስጥ መጨረስ አለበት፤ በኤምሬቶች ጊዜው 14 ቀን ነው። ይህ ሲያልፍ አቤቱታ ይቀርባል። የሳዑዲ የሰው ኃይልና ማኅበራዊ ልማት ሚኒስቴር በ19911 ይገኛል። የድርጅት ሠራተኛ ጉዳይ በቅድሚያ በሚኒስቴሩ የስምምነት ክፍል ይታያል፤ በ21 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተፈታ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ተቋቋሙት የሥራ ፍርድ ቤቶች ይተላለፋል። በኤምሬቶች ሚኒስቴሩ በ600590000 አቤቱታ ይቀበላል፤ ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህም እስከ 50,000 ድርሃም የሚደርስን ጥያቄ ራሱ ሊወስንበት ይችላል። ቋንቋ ካስቸገረ ሪያድና አቡ ዳቢ ያሉት ኤምባሲዎቻችን፣ ጅዳና ዱባይ ያሉት ቆንስላዎች እንዲያግዙ መጠየቅ ተገቢ ነው።

አሠሪው የመጨረሻ መውጫ አስመትቶ ትኬት ከሰጠ በኋላ «ገንዘቡን እልክልሻለሁ» ቢል አትቀበሉት። ብሩ በእጅ ሳይገባ ከተወጣ የሚያስገድደው አይኖርም ማለት ይቻላል።

አቤቱታ ሳያቀርቡ ከሥራ ቦታ መጥፋት የባሰ ጉዳት አለው፤ አሠሪው «ሁሩብ» (ከሥራ ጠፍቷል) ብሎ ካስመዘገበ የመኖሪያ ፈቃዱ ይበላሻል፣ የስንብት ጥያቄውም በጠፊ ሰው ስም የቀረበ ይሆናል። ድብደባ ወይም ጥቃት የደረሰባት እህት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ነፍሷን ማዳን ይቀድማል፤ የሳዑዲ የሥራ ሕግ አንቀጽ 81ም ጥቃት የደረሰበት ወይም ውሉ ያልተከበረለት የድርጅት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ለቅቆ መብቱን ሙሉ በሙሉ እንዲጠይቅ ይፈቅድለታል። በዚህ ጊዜ በቀጥታ ወደ ፖሊስ ወይም ወደ ኤምባሲ መሄድና የሄዱበትን ቀን የሚያሳይ ወረቀት መያዝ ያስፈልጋል።

ጎንደር ከገቡ በኋላ

በአንድ ሌሊት ከቤት ወጥተው አውሮፕላን ማረፊያ የተወሰዱ፣ ከእስር ቤት በቀጥታ የተመለሱ ወገኖች ከላይ ያለውን ለማድረግ ጊዜ አላገኙም። ለእነርሱ የመጀመሪያው ሥራ የነገሩን ሂደት ሳይረሳ መጻፍ ነው፤ የአሠሪው ስም፣ የሥራው ዘመን፣ የመጨረሻው ደመወዝ፣ የተባረሩበት ቀንና ምክንያት፣ የፈረሙት ወረቀት ካለ ምን እንደነበረ። በሳዑዲ የሥራ ጥያቄ ውሉ ከተቋረጠ ከ12 ወር በኋላ ተቀባይነት ስለሌለው፣ በኤምሬቶችም ጊዜው ሁለት ዓመት ስለሆነ፣ «ትንሽ ልረፍና እጠይቃለሁ» ማለት ያስጎዳል።

ከዚህ የሚከፈቱ መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው በዚያው አገር ላለ ታማኝ ዘመድ ወይም ጠበቃ ውክልና መላክ ነው። ውክልናው እዚህ ከተመዘገበ በኋላ ወደ ዓረብኛ መተርጎም፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና አዲስ አበባ ባለው የዚያ አገር ኤምባሲ መረጋገጥ ይኖርበታል፤ ስለዚህ ለጥቂት መቶ ሪያል ሳይሆን መጠኑ ወጪውን ለሚሸፍን ጥያቄ የሚመረጥ መንገድ ነው። «ገንዘብ ተቀብሎ የመፈረም» ሥልጣን ለማን እንደሚሰጡ አጥብቀው ያስቡበት፤ ክፍያው በራስዎ ስም በተከፈተ የባንክ ሂሳብ እንዲገባም በውክልናው ላይ ይጻፍ።

ሁለተኛው መንገድ ኤጀንሲውን መጠየቅ ነው፤ ለአብዛኛው ሰውም የሚቀርበው ይኸው ነው። በኢትዮጵያ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008፣ በአዋጅ ቁጥር 1246/2013 እንደተሻሻለው፣ ሠራተኛውን የላከው ኤጀንሲ ለውሉ መከበር ከውጭው አሠሪ ጋር በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ነው፣ ማለትም ሙሉውን ክፍያ ከኤጀንሲው ብቻም መጠየቅ ይቻላል፤ ለዚህም የዋስትና ገንዘብ እንዲያስይዝ ይገደዳል። አቤቱታዎን በጽሑፍ ለኤጀንሲው ሰጥተው በቅጂው ላይ የተቀባዩን ፊርማና ቀን ያስመዝግቡ። መልስ ካጡ ቅጂውን ይዘው ወደ ከተማው የሥራና ሥልጠና መምሪያ ይሂዱ፤ ኤጀንሲው ፈቃዱን ያገኘው ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ከሆነም ጉዳዩ ወደዚያ እንዲመራ ይጠይቁ። ጠበቃ ለመያዝ አቅም የሌለው ሰው በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አቤቱታውን በነፃ ማጻፍ ይችላል።

በመተማ ወጥተው በሱዳን በኩል፣ ወይም በጅቡቲና በየመን አቋርጠው ያለ ውል የገቡ ወገኖች የሚጠይቁት ኤጀንሲ የላቸውም። የሳዑዲ ሕግ ያልተጻፈ ውልንም እንደ ውል ይቆጥራል፤ ሠራተኛውም በማንኛውም ማስረጃ እንዲያስረዳ ይፈቅድለታል። ሆኖም መኖሪያ ፈቃድ የሌለው ሰው አቤቱታ ለማቅረብ ወደ መሥሪያ ቤት ሲገባ የመያዝ አደጋ ስላለበት፣ ብቻውን ከመሄዱ በፊት ቆንስላውን ማማከር አለበት።

ሠራተኛው በሥራ ላይ ሳለ ሕይወቱ ካለፈ የስንብት ክፍያውና የቀረው ደመወዝ ለወራሾቹ ይተላለፋል። ቤተሰቡ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ አውጥቶ፣ እንደ ውክልናው አስተርጉሞና አረጋግጦ በኤምባሲው በኩል ይልካል፤ የአስከሬን መመለሻ ወጪ ከዚህ ክፍያ ላይ ተቆርጧል ከተባለም በምን መብት እንደተቆረጠ በጽሑፍ እንዲገለጽለት መጠየቅ ይችላል።