በአንድ ቴዘር ላይ ካሜራ፣ ሶናርና ሁለት ላፕቶፕ እንዴት እናስኬዳለን

ብሉሮቭ 2 ወይም እሱን የመሰለ ራሳችሁ የገጣጠማችሁት ሮቭ (ከላይ በገመድ የሚታዘዝ የውሃ ውስጥ ሮቦት) ካላችሁ መጀመሪያ ላይ ነገሩ ቀላል ነው፣ ላይ ላፕቶፕ፣ ታች ሮቩ ውስጥ ራስቤሪ ፓይ የሚባለው ትንሽ ኮምፒውተር፣ መሀል ላይ ቴዘር የሚባለው ገመድ፣ አለቀ። ጣጣው የሚመጣው ሁለተኛ ካሜራ፣ በኢተርኔት የሚሰራ ሶናር (ውሃ ውስጥ በድምጽ ሞገድ የሚያይ መሳሪያ) ምናምን ልጨምር ስትሉ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ለእያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ሽቦ ያስፈልገዋል ብሎ ወፍራም ገመድ ፍለጋ ይወጣል፣ እባካችሁ አታድርጉት። ወፍራም ገመድ ውሃው ስለሚይዘው ሞተሮቹ ሮቩን ትተው ገመድ ሲጎትቱ ነው ባትሪ የሚጨርሱት።

ለዳታ አንድ ጥንድ ሽቦ ይበቃል። ተራው ባለ 100 ሜጋቢት ኢተርኔት ሁለት ጥንድ ይፈልጋል፣ እሱም 100 ሜትር ላይ ያበቃለታል፣ ስለዚህ በገመዱ ሁለት ጫፍ ፋቶም ኤክስ የሚባለው ቦርድ ይገባል። ቦርዱ የሚሰራው ሆምፕላግ ኤቪ በሚባለው ነው፣ ያው ቤት ውስጥ በመብራት መስመር ኢንተርኔት የሚያሳልፉት አዳፕተሮች የሚጠቀሙበት ማለት ነው፣ በአንድ የተጠማዘዘ ጥንድ ሽቦ 300 ሜትርም ይሄዳል፣ ፍጥነቱ በተግባር እስከ 80 ሜጋቢት በሰከንድ ነው። ሽቦውን ስትልጡ ጥምዝምዙን ከሚያስፈልገው በላይ አትፍቱት፣ ጫፉ ላይ ስክሪው ውስጥ የሚገባው ብቻ ይፈታ።

ይሄ 80 ግን የላይና የታች፣ የሁሉም ዕቃ ድምር ነው። ስዊች (አንዱን የኔትወርክ መስመር ለብዙ ዕቃ የሚያከፋፍለው) ስትጨምሩ መግቢያ ነው የሚበዛው እንጂ ፍጥነቱ አይጨምርም። አንድ ግቢ ውስጥ ያሉ ተከራዮች ሁሉ ከአንድ ቧንቧ እንደሚቀዱት አስቡት፣ አንዱ ለቆት ከዋለ ሌላው ጋ ይንጠባጠባል። ስለዚህ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ወረቀት ላይ ደምሩ፣ በኤች.264 የታመቀ 1080 ካሜራ ከ5 እስከ 10 ሜጋቢት ያዙለት፣ ምስል የሚሰጥ ሶናር ከሆነ ደግሞ ከካሜራ በጣም ሊበልጥ ስለሚችል ማኑዋሉን እዩ፣ ሲበዛ የፍሬም ብዛቱን ቀንሱት። የሮቩ መቆጣጠሪያ ትእዛዝም በዚሁ ገመድ ነው የሚያልፈው፣ ገመዱ ከሞላ ምስል ብቻ አይደለም የሚቆራረጠው፣ ጆይስቲኩም ይዘገያል፣ እና ውሃ ውስጥ ድንጋይ አጠገብ ሆኖ የሚዘገይ ሮቭ አደገኛ ነው።

አገጣጠሙ እንዲህ ነው። ታች ከፋቶም ኤክስ የሚወጣው ኢተርኔት ትንሽ ባለ 5 መግቢያ ስዊች ቦርድ ላይ ይሰካል፣ ከስዊቹ ወደ ፓይ፣ ወደ ካሜራ፣ ወደ ሶናር ይከፋፈላል። ላይም እንደዛው ሌላ ስዊች አድርጋችሁ ሁለቱን ላፕቶፕ ትሰካላችሁ። በዩኤስቢ የሚሰሩት እንደ ፒንግ ያሉት ትንንሽ ሶናሮች ስዊቹ ላይ ምንም ስራ የላቸውም፣ ፓይ ላይ ይሰካሉ፣ ፓዩ ላይ የሚሰራው ብሉኦኤስ የሚባለው ሶፍትዌር ራሱ ወደ ኔትወርኩ ያወጣቸዋል። ፓወር ላይ ጠንቀቅ በሉ፣ የሮቩ ባትሪ 14.8 ቮልት ይባል እንጂ ሙሉ ሲሞላ 16.8 ነው፣ 5 ወይም 12 ቮልት የሚፈልግ ዕቃ በቀጥታ ከሰካችሁ ተቃጠለ ማለት ነው፣ መሀሉ ላይ ቮልቴጅ የሚቀንስ ሬጉሌተር ይግባ። ፓወሩን ከኢተርኔት ገመድ የሚወስድ ካሜራ ካላችሁ ደግሞ ፋቶም ኤክስ ፓወር ስለማያሳልፍ ከላይ ሆናችሁ ልታበሩት አትችሉም።

አሁን አድሬስ፣ ማለትም እያንዳንዱ ዕቃ ኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበት ቁጥር። በብሉሮቭ አሰራር ላፕቶፑ 192.168.2.1፣ ፓዩ 192.168.2.2 ነው፣ ሰብኔት ማስኩ 255.255.255.0። ሌላው ሁሉ በ192.168.2 ጀምሮ መጨረሻው የተለየ ቁጥር ይኑረው፣ ሁለተኛው ላፕቶፕ ለምሳሌ 192.168.2.10። ካሜራ ከፋብሪካ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ሌላ አድሬስ ነው ያለው፣ ሁለት አንድ አይነት ካሜራ ከገዛችሁ ደግሞ ሁለቱም ያው አንድ አድሬስ ይዘው ሊመጡ ይችላሉ፣ ስለዚህ አንድ በአንድ ለብቻው ላፕቶፕ ላይ ሰክታችሁ ቀይሩና ቁጥሩን በፕላስተር ጽፋችሁ ዕቃው ላይ ለጥፉበት። ላፕቶፑ ላይ የገመዱን ጌትዌይ (ወደ ውጭ ኔትወርክ መውጫው አድሬስ የሚጻፍበትን ቦታ) ባዶ ተዉት፣ ያለበለዚያ ኢንተርኔት በዋይፋይ መሄዱን ትቶ በሮቩ በኩል ልሂድ ይላል። የዋይፋይ ራውተራችሁም በ192.168.2 የሚጀምር ከሆነ ይጋጫሉ፣ የራውተሩን ቀይሩት።

ሁለተኛው ላፕቶፕ ስለተሰካ ብቻ ቪዲዮ አይመጣለትም። ፓዩ ቪዲዮውን በዩዲፒ (ደረሰ አልደረሰ ሳይል ዝም ብሎ በሚልክ ዘዴ) የሚልከው ለ192.168.2.1 ነው፣ ፖርቱ 5600፣ ስለዚህ ብሉኦኤስ ውስጥ ቪዲዮ ገጽ ላይ ገብታችሁ 192.168.2.10 ብላችሁ ሁለተኛ መድረሻ ጨምሩ። የሮቩ ዳታም ካስፈለገ እንደዛው ነው፣ እሱ ፖርት 14550 ነው። ግን አስተውሉ፣ ሁለት ቦታ የሚላክ ቪዲዮ ገመዱ ላይ ሁለት ጊዜ ነው የሚያልፈው። ቪዲዮ እንቢ ብሎ ፒንግ (ሶናሩን ሳይሆን ዕቃው ይመልስ እንደሆነ የሚሞክረውን የኮምፒውተር ትእዛዝ) የሚመልስ ከሆነ መጀመሪያ የዊንዶውስ ፋየርዎልን እዩ፣ ብዙውን ጊዜ እሱ ነው።

ሙከራው የሮቩ ክዳን ሳይዘጋ ጠረጴዛ ላይ ይሁን፣ አንድ ዕቃ ጨምሩ፣ ፒንግ አድርጉ፣ ሰራ? ቀጣዩን ጨምሩ። በአጭር ኬብል ሳይሆን በራሱ በምትጠቀሙበት ቴዘር ፈትኑ፣ አይፐርፍ በሚባለው መለኪያ ፕሮግራም ፍጥነቱን ለኩና ከደመራችሁት ጋ አስተያዩት። ሁሉም ሲሰራ ክፍት የሆነውን ክፍል ውሃ ሳይነካው ሞተሮቹን ሳፋ ወይም በርሜል ውስጥ አስነሱ፣ እንደ ቲ200 ያሉት የሚለሰልሱት በውሃ ስለሆነ በደረቁ ብዙ አታዙሯቸው። ሞተር ሲነሳ ፒንጉ መዝለል ከጀመረ የዳታው ሽቦ ከሞተር መቆጣጠሪያዎቹ ሽቦ ጋ ተጠጋግቶ ይሆናል፣ አራርቃችሁ በሌላ ጎን አሳልፉት። ከዛ ዝጉትና ለአዲሱ ዕቃ ኬብል አዲስ መግቢያ ስለከፈታችሁ የቫክዩም ፈተናውን (አየሩን በፓምፕ ስቦ የሚያሾልክ ቦታ አለመኖሩን ማየት) እንደ አዲስ ድገሙ፣ የፓምፑ መለኪያ መርፌ ቦታው ላይ ከቆመላችሁ ነው ወደ ውሃ የሚገባው።